የኮረፈችው ሞተር

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ሞላ። ዳንግላ፣ ወንዝ ዳር ባለው የአትክልት ቦታቸው አብሬያቸው እሠራ ነበር።

አንድ ዓመት የውሃ መሳቢያዋ ሞተር ክረምቱን ቆማ ከርማ፣ ውስጧ ዝጎ አልዞር አለች። የሽንኩርቱ ችግኝ መጠውለግ ስለ ጀመረ «ጋሼ፣ በመዶሻ መታ መታ ላድርጋት?» አልኳቸው።

«ተይ ልጄ፤ የኮረፈ በዱላ አይታረቅም» አሉኝና ካንዴላዋን ፈትተው ዝገቱ እንዲለቅ በቀዳዳው ላምባና ዘይት አፈሰሱባት።

ሦስት ቀን ችግኙን በባልዲ አጠጣን። እሳቸው ጠዋት ጠዋት መዘውሯን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው እየሞከሩ በአገውኛ ያባብሏት ነበር። በአራተኛው ቀን ዞረች።

አሁን ብቻዬን አጠጣለሁ። ሞተሯ ስትጠፋ ቦታው ጭር ስለሚልብኝ፣ መደቡ ሁሉ ጠጥቶ ካበቃ በኋላም ቶሎ አላጠፋትም።