የእሜቴ ወተት በሁዳዴ

ዛሬ ጠዋት ትኩስ ወተት የያዘ የቆርቆሮ ኩባያ በእጄ ይዤ የንፋስ መውጫን መንገድ አቋረጥኩ። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የወተቱ ሽታ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። አንዲት ሴትዮ ዘወር ብላ አየችኝ። አቧራ እንዳይገባበት በመዳፌ ከለል አደረግኩት እንጂ ከሰው ዓይን አልደበቅኩትም። መደበቅ የተውኩት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ያስተወችኝ አክስቴ ናት፤ ሰበቡ ደግሞ አንዲት ጥርስ የሌላት ድመት። ስሚኝማ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ያኔ ከስማዳ መጥቼ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ነበር የምማረው። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ገበያ ላይ ገብስና ባቄላ የምትሸጥ ሴት ናት። በጾሟ የማያውቃት የለም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ድስቱን፣ ማንኪያውን፣ ቢላዋውን በአመድ ፈትጋ ታጥብና የወተቱንና የቅቤውን ዕቃ ጓዳ ቆልፋበት ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። የማርያም ማኅበርተኞቿ ምራቶቻቸውን ሲቆጡ «እስቲ እሷን እዩ!» ነበር የሚሉት።

ድመቷ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤት ድመት ነበረች። የብራና መጻሕፍቱን ከአይጥ ስትጠብቅ አረጀች። በኋላ በቅሎ ረግጧት ጥርሷ ረገፈ፣ ግራ ዓይኗ ጠፋ፣ ቀኙም መግል ቋጠረ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ሽማግሌ ምን ያድርጉ፣ ወጣት ድመት አመጡ፤ አዲሲቱም አሮጊቷን እየነከሰች አባረረቻት። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በግንቡ ሥር ውሾች ከበዋት አገኘኋት። አትጮህም፤ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ በአንድ ዓይኗ ታፈጥባቸዋለች። ድንጋይ አንስቼ ውሾቹን በተንኩና በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዣት ገባሁ። ኩራቷን አይቼ እሜቴ አልኳት።

«አይጥ የማትይዝ ድመት ምን ትሠራልኛለች?» አለች አክስቴ።

«እኔስ አይጥ እይዛለሁ እንዴ እቴቴ? ታበይኝ የለም?»

«ምላስሽ ይቆረጥ!» አለች፤ ግን ሳቀች። «ትቀመጥ እሺ። በጾሜ ብቻ እንዳትመጪብኝ።»

በማግስቱ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ «በሬ አክሜያለሁ፣ በግ አክሜያለሁ፣ ለድመት ግን ካርድ አውጥቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀብኝ። ሆኖም አገላብጦ አያት። ጠዋትና ማታ ዓይኗን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ማጠብ፤ ከዚያ ለሰው ዓይን የሚታደለውን ቅባት መቀባት፤ ማኘክ ስለማትችል ደግሞ ወተት።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«እስካለች።»

መጀመሪያ ክንዴን ቧጥጣ ቧጥጣ ጨረሰችው። እኔ ግን የያዝኩትን የምለቅ ሰው አይደለሁም። በሳምንቱ ቅባቱን ከኪሴ ሳወጣ ራሷ እየመጣች ጭኔ ላይ ጉብ ትል ጀመር። ዓይኗም ጠራ፤ ለካ እንደ ማር ቢጫ ኖሯል!

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አክስቴ ጓዳውን ቆለፈች። እሜቴ በሽሮ የራሰ እንጀራ ሲቀርብላት አሽትታ ፊቷን አዞረች። በአምስተኛው ቀን ሳቅፋት አጥንት ብቻ ሆነችብኝ። ልትሞትብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ፤ አልዋሽሽም፣ ክፍል ውስጥ ሁሉ አለቀስኩ። አክስቴን ወተት መጠየቅ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ላም ያልባሉ። ሄጄ ለባለቤታቸው ነገርኳቸው።

«ታዲያ ይኼ ምን ያሳፍራል ልጄ?» አሉኝ። «በእኛ ድመት አስርቦ መግደል ትልቅ ወንጀል ነው። በየቀኑ ነይ።»

በትንሽ ጠርሙስ ይሰጡኛል። እኔ በነጠላዬ ሥር ደብቄ አመጣና ከጓሮ፣ ከማገዶው ክምር ጀርባ አጠጣታለሁ። ጥፋቴ ይኼ ነው። ብደብቀው አክስቴን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር። የአጥር ጎረቤታችን ግን ጠርሙሱን አየች፤ ድመቷን አላየችም። በሦስት ቀን ውስጥ ወሬው «ያቺ ጿሚ ነኝ ባይ በጓሮ ወተት ታስገባለች» ሆኖ ማኅበሩ ዘንድ ደረሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአክስቴ የነፍስ አባት ቤታችን መጡ። ጎረቤቲቱም እሳት ልጫር ብላ ከኋላቸው ገባች።

«ልጄ፣ የሚወራብሽን ሰምተሻል?» አሉ አባ፤ ነገሩንም ነገሯት።

አክስቴ ክው አለች። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «እኔ ነኝ አባ! ለድመቷ ነው፣ እሷ አታውቅም!» ብዬ ጠርሙሱን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ። አክስቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። አለቀላት፣ ዛሬ እሜቴ ትወጣለች አልኩ በልቤ።

«እንዲያማ ቢሆን» አለች ጎረቤቲቱ፣ «በነነዌ እንስሳትም ጾመዋል፤ መጽሐፍ ነው የሚለው!»

አክስቴ ወደ እሷ ዞረች። «የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ነው፤ ይኼ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ደግሞ የነነዌ እንስሳ ጥርስ ነበረው።»

አባ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «እኔ የማስጾመው ሰው ነው» አሉና ተነሡ።

አክስቴ ግን አልጨረሰችም። ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቃ አስቀመጠችው፤ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጓዳውን ከፈተችና የቆርቆሮ ኩባያዋን ይዛ ወጣች። መንገዱ ከቅዳሴ በሚመለስ ነጭ ለባሽ ተሞልቷል። ከነጋዴው ቤት ስትወጣ ኩባያው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ሳይሸፈን፣ በእጇ ነው። ቀስ ብላ ነው የምትራመደው።

ሮጬ ደረስኩባት። «እቴቴ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ ነው!»

«የሚያይ ይይ! ያዋረደኝ መደበቅሽ ነው እንጂ ወተቱ አይደለም።»

ደጃፏ ላይ ተቀመጠች፤ እሜቴን ጭኗ ላይ አድርጋ በሰው ፊት አጠጣቻት። እሜቴም እየተዝናናች ጠጣች። አንድ ጠብታ ጣቷ ላይ ሲያርፍ አክስቴ ገብታ በአመድ ፈትጋ ታጠበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱን የምታመጣው ራሷ ሆነች።

እሜቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ሁዳዴ አየች። የሞተችው እኔ ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ሌላ ከተማ ሄጄ ሳለሁ ነው። አክስቴ ስልክ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ሞተች። ቅባቱን ግን አንድ ቀን አላጓደልኩባትም» አለችኝ። ከዚያ ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት። ባሏ ሲሞት እንኳን በሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት ናት።

አሁን ጥርስ የሌላት አክስቴ ናት። ዓይኗም ደክሟል፤ ጠዋትና ማታ ቅባቱን እኔ ነኝ የምቀባት። ሆዷን ስለሚያማት ዘንድሮ የነፍስ አባቷ ከጾሙ ፈትተዋታል፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች! እንጀራው ቢርስላትም አይወርድላትም፣ ወተቱን ደግሞ «ድመት አደረግሽኝ?» እያለች ትመልሰዋለች። ከሰኞ ጀምሮ የቀመሰችው ነገር ቢኖር ውኃ ነው። በየቀኑ የማቀርብላት ወተት ከራሴ ጓዳ፣ በክዳን ተሸፍኖ ነበር። ትናንት ስቀባት ክንዷ በመዳፌ ውስጥ አጥንት ብቻ ሆነብኝ፤ ያኔ ነው ያ ኩባያ ትዝ ያለኝ።

ዛሬ ገና ሳልቀመጥ አሸተተችው።

«በምን ሸፍነሽ አመጣሽው?»

«በምንም። ከነጋዴው ምራት ተቀብዬ፣ በመንገዱ መሐል ነው ያመጣሁት።»

«ሰው አየሽ?»

«አየኝ። ጎረቤቲቱም አየችኝ።»

ጣቶቿ ኩባያውን ፈልገው አገኙት፤ የቆርቆሮውን ገደፍ ዳበሰችው፣ አወቀችው።

«ይይ» አለችና በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

እስኪያልቅ ድረስ ያዝኩላት። ከንፈሯ ላይ የቀረውን ጠብታ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት።