ራቻን የቆረጥን ሰሞን

ራቻ በኦሮምኛ እንቁራሪት ማለት ነው። ጅማ አጠገብ የቡ አካባቢ ያሉ ቡና ለቃሚዎች ይህን ስም ያወጡት በየብስም በውኃም ለምትሄድ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ነበር። ስድስት ጎማ አላት፤ መሪ የላትም። የሚነዳት ሰው ሁለት ዘንግ ይይዝና ቀኙን ሲስብ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲስብ ወደ ግራ ትዞራለች። አካሏ ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ ትልቅ ገንዳ ነው። ረግረጋማው ጨፌ መሃል ስትደርስ ጎማዎቿ መሬት ይለቁና ውኃውን እየቀዘፉ ቀስ ብለው ያሻግሯታል። መጀመሪያ ያያት ሰው ሁሉ ሰጠመች ብሎ ይደነግጥ ነበር።

ወደኛ አገር ያመጧት ረግረጉን ሊያጠኑ የመጡ የውጭ ሰዎች ናቸው። ጨርሰው ሲሄዱ በጨረታ የገዟት የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ከየቡ ወጣ ብሎ የቡና ማሳ ያላቸው ሐጂ ነበሩ። ማሳቸው ከጨፌው ማዶ ነው። ዝናቡ ጠንክሮ በሚቆይበት ዓመት በቅሎዎቹ እስከ ሆዳቸው እየሰመጡ፣ የተለቀመው እሸት ማዶ ተቀምጦ ይበላሽባቸው ነበር። ራቻ ከመጣች በኋላ ጠዋት የተለቀመው ከሰዓት በኋላ መፈልፈያው ጋ ይደርስ ጀመር። ባለቤታቸውን ትርፍ አንጀት ያመማቸው ጊዜም ባዶ ጆንያ አንጥፈን፣ አስተኝተን ያሻገርናቸው በእሷ ነው። የነዳኋት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ እንደተወው አስታውሳለሁ።

አባቴ ጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ጋራዥ ነበረው። ራቻን በየዓመቱ ከለቀማ በፊት የሚፈታት እሱ፣ ቡሎን የማቀብለው እኔ። ሙያውን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ዛሬ ጅማ ውስጥ በአንድ የሙያ ኮሌጅ አውቶ መካኒክ አስተምራለሁ። የሠራት ፋብሪካ መዘጋቱን የሰማነው መለዋወጫ ስናፈላልግ ነው። ሐጂ ተስፋ ቆረጡ፤ አባቴ ግን ምንም አልመሰለውም። አንድ ቀን መልሰው ይሠሯታል፣ እስከዚያ አትንኳት ይል ነበር። እኔ እስቅበት ነበር። የተዘጋ ፋብሪካ ለአንድ የየቡ ገበሬ ብሎ ይከፈታል ወይ እለዋለሁ፤ እሱም ሥራውን ይቀጥላል።

አባቴ ዓምና ሞተ። ከዚያ በኋላ በመጣው ለቀማ ራቻ ጉቶ መታትና ገንዳዋ ከሥር ተሰነጠቀ፤ ካምቢዮዋም ነክሶ ቀረ። ሐጂ አስጠሩኝ። ተንበርክኬ አየኋትና አበቃላት አልኳቸው። እንዲህ በእርግጠኝነት የተናገርኩበት ቀን ጥቂት ነው። ፕላስቲኩ እንደማይበየድ፣ የካምቢዮዋ ጥርሶችም ከየትም እንደማይገኙ፣ ዝም ብላ ከምትቀመጥ ብትቆረጥ እንደሚሻል አስረዳኋቸው። ሐጂ ብዙ አልተከራከሩኝም። ግራይንደሩን ስይዝ ለዙህር ሶላት ልታጠብ፣ ውዱ ላድርግ ብለው ሄዱ፤ ሰዓቱ ግን ገና ነበር።

ገንዳዋን መሃሏ ላይ ለሁለት ቆረጥኳት። አንዱ ግማሽ የከብት ውኃ መጠጫ ሆነ፣ ሌላው የዶሮ ቤት ጣሪያ። ሞተሯ መፈልፈያው ላይ ተገጠመ። ካምቢዮዋን ሰልጣኞቼ ከፍተው ይማሩባት ብዬ ወደ ኮሌጁ ወሰድኳት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላም። የሻይ ሰዓት ላይ አብሮኝ የሚያስተምር ከደሴ የመጣ ባልደረባዬ ስልኩን ይዞ ወደ ወርክሾፑ ገባ። ካምቢዮዋ ላይ የተጻፈውን የፋብሪካውን ስም ጠረጴዛዬ ላይ በየቀኑ ስለሚያየው ያውቀዋል።

«ይቺ ያንቺ እንቁራሪት ልትመለስ ነው መሰለኝ» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ አነበብኩት። የተዘጋውን ፋብሪካ ስምና ንድፎች የገዙ ሰዎች እንዳሉ፣ ተሽከርካሪዋን እንደገና ለማምረት እያሰቡ እንደሆነ ይላል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጆሮዬ ጭው አለ። ባልደረባዬ የሆነ ነገር እየተናገረ ነበር፤ ከንፈሩን አያለሁ እንጂ አይሰማኝም። ስልኩን መለስኩለትና ወደ በሩ ሄድኩ፤ በሩን ከፍቼ የት ልሄድ እንደነበር ጠፋኝና እዚያው ቆምኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የታየኝ ግራይንደሩ የተፋው ነጭ የፕላስቲክ ብናኝ ነው፤ ጫማዬ ስፌት ውስጥ ገብቶ ለቀናት አልወጣ ብሎኝ ነበር።

ለሐጂ ላለመናገር አሰብኩ። በየቡ ይህን ማን ያነባል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። አልቻልኩም። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሐጂና ባለቤታቸው ግቢው ውስጥ የተሰጣውን ቡና እያገላበጡ ነበር። ሰላምታውን አሳጥሬ፣ ቆሜ እንዳለሁ ነገርኳቸው።

«ማል ጄቴ?» አሉኝ ሐጂ፤ ምን አልሽ ማለታቸው ነው።

ደግሜ ነገርኳቸው። መንሹን መሬት ላይ አስቀምጠው የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነበር። ስድባቸውን ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ስለ አባቴ እንዳያነሱብኝ ብቻ በልቤ እየለመንኩ ነበር። እሳቸውም አላነሱም።

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያስቆረጥኳት» አልኳቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ለብቻሽ አትውሰጂው» አሉኝ።

ባለቤታቸው ቡናውን ማገላበጣቸውን ትተው ቀና አሉ። ለእነዚያ ሰዎች ጻፊላቸው አሉኝ። ምን ብዬ ስላቸው፣ እዚህ አንዲት ነበረችን በይ፣ እኔን አድናኛለች በይ አሉ።

እንዳሉኝ ጻፍኩ። መልስ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ በሳምንቱ መጣ። ለማምረት ገና እንዳልወሰኑ፣ የእኛ ዓይነቷ በጣም የቆየች በመሆኗ የገንዳው ቅርጽ ማውጫ እንደጠፋ፣ ንድፉም ሙሉ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ቀጥለውም ገንዳዋ አሁንም እንደነበረች አለች ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ያን ስመለከት ድንጋጤው የመጀመሪያውን አስረሳኝ። ከዓለም ሁሉ የሚፈልጉት እኔ የቆረጥኩትን ነው። ያን ቀን ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ማታ ሳይሆን እዚያው በምሳ ሰዓት፣ ሐሳቤን ሳልቀይር ብዬ እውነቱን ጻፍኩላቸው፤ ለሁለት ተቆርጣለች፣ የቆረጥኳትም እኔ ነኝ አልኩ።

መልሳቸው በማግስቱ ደረሰ። እንዲያውም ይሻላል አሉ። ያልተቆረጠ ገንዳ ውፍረቱ የት የት ላይ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ከውጭ አይታይም፤ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ያሳያል። እንድለካላቸው ጠየቁኝ። ባልደረባዬ ሲያነብልኝ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

ሁለቱን ግማሾች በአይሱዙ ጭነን ወደ ኮሌጁ አመጣናቸው። ዶሮዎቹ ሦስት ቀን ከሐጂ ወጥ ቤት ጥግ አደሩ። እኔና ባልደረባዬ ኩሱንና ጭቃውን አጥበን፣ ሁለቱን ወለሉ ላይ አጋጥመን፣ ጠርዙን በውፍረት መለኪያው ካሊፐር በየጣት ስፋቱ ለካን። ፎቶም አነሳን። ሁሉን ላክን።

ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ የጎማው አክስል ከገንዳው በሚወጣበት ቀዳዳ አንድ ጥቁር ቀለበት ይታያል። ስለ እሱ ለብቻው ጻፉልኝ። ይህ የኛ ሥራ አይደለም፣ ማን ሠራው አሉ። ጭቃ ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ አባቴ ከከባድ መኪና ካላማዳሪያ፣ ከውስጥ ጎማው፣ እየቆረጠ፣ ሦስት ደርቦ የሚያስገባው ነበር። እኔ ሁልጊዜ ስለማየው ከፋብሪካ የመጣ ያህል ለምጄዋለሁ። ሥዕሉን ከነልኬቱ እንድልክላቸው፣ የሠሪውንም ስም እንድጽፍ ለመኑኝ። የአባቴን ስም ከሞተ በኋላ የጻፍኩት ሟች ከሚል ቃል ቀጥሎ ብቻ ነበር። እዚህ ሠሪ ከሚለው ቀጥሎ ጻፍኩት፤ ጽፌውም ረጅም ጊዜ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ የመጣው አንድ መልእክት ነው። የሙከራ አንዲት ሠርተው ሐይቅ ላይ ሊፈትኗት እንደሆነ፣ ለገበያ ትውጣ አትውጣ ግን ገና እንዳልታወቀ ይናገራል። ይህን ልነግራቸው የቡ ስሄድ ሐጂ ወደ ማሳቸው እየሄዱ ነበር፣ አልቆሙልኝም፤ አብሬያቸው እየተራመድኩ ነገርኳቸው።

«ብትሠራም አልገዛትም» አሉኝ። «ዕድሜዬ አልፏል። ውኃው ላይ ስትወጣ የሚያሳይ ምስል ከላኩልሽ ግን ኢንሻአላህ ቶሎ አምጪልኝ።»

እሺ አልኳቸው። ሰዎቹ እስካሁን አልላኩልኝም።