የጋሼ ሙላት ባዝራ

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰው፣ ሦስት ፈረስና ሁለት በቅሎ ሆነን፣ ከፊት ጉብታው ላይ ለሰፈረው ሻምበል ጥይት፣ ውሃና ደረቅ ዳቦ በየቀኑ እንድናደርስ ተባለ። መነሻ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣ በሩን ማለፊያ አሥር ሰዓት፣ መድረሻ ሳይጨልም። በር የምንለው በሁለት ቋጥኞች መካከል ያለውን መተላለፊያ ነው። ወደ ጉብታው የሚያወጣ ሌላ መንገድ አልነበረም።

የትኛው ጦርነት እንደሆነና ማን ልክ እንደነበረ እዚህ አላነሳም። እናንተ የወንድሜ ልጆች የጠየቃችሁኝ ሌላ ነው። ፈረሴ ላይ ከመውጣቴ በፊት የኮርቻውን ጠፍር ለምን ሁለት ጊዜ እንደምፈትሽ፣ በልጅነቴ ፈረስ ያልነካሁ ሰው ይህን ከማን እንደተማርኩ ነው የጠየቃችሁኝ። ከጋሼ ሙላት ነው የተማርኩት። ስለ እሳቸው ከተናገርኩ ግን ስለ ራሴም የማይጥም ነገር መናገሬ አይቀርም።

እኔ የደብረ ታቦር ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ፈረስ የማውቀው ጋሪ ሲጎትት ብቻ ነው። ምክትል አሥር አለቃ ሆኜ እንኳ በፈረስ ኋላ ማለፍ እፈራ ነበር። ጋሼ ሙላት የፋርጣ ገበሬ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ጭነት የሚያመላልስ ከብት ያለው ሰው ሲፈለግ ዳማ ባዝራቸውን እየሳቡ መጡ። ስማቸውን የመዘገበው አለቃችን ሃምሳ አለቃ ታከለ ነበር። ባዝራዋ ውርንጭላ እንዳላት ጠየቃቸው። «መካን ናት» አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ።

እኔ ከእሳቸው ጋር ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን ፈረስ እንዴት እንደሚቀረብ አሳዩኝ። በግራ ትከሻዋ በኩል፣ እጅ ከመዘርጋት በፊት ድምፅ ማሰማት፣ ዓይን ዓይኗን አለማየት። ሰኮናዋን አንስተው በመሃሉ የተሰነቀረ ጠጠር አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ይህን የሚያህል ነገር ፈረስ ያስነክሳል፣ ያነከሰ ፈረስም ባለቤቱን በመንገድ ያስቀረዋል አሉኝ። ጀርባዋን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ትኩስ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ትኩስ ካገኙ ነገ ቁስል ነው ማለት ነው። ከራሳቸው ስንቅ ገብስ እየቀነሱ ያበሏታል። አንድ ነገር ብቻ አይፈቅዱም ነበር፤ ማንም ሰው ከሆዷ ሥር እጁን እንዲያስገባ። የሆዷን ጠፍር ራሳቸው ያስራሉ፣ ራሳቸው ይፈታሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ በሩ ላይ ስንደርስ ባዝራዋ ቆመች። አንገቷን ወደ ደቡብ አዙራ አሽካካች። ጋሼ ሙላት ጠፍር የሚያጠብቁ መስለው አጎነበሱ። ከዚያ ሃያ እርምጃ ሳንሄድ የመጀመሪያው ሞርታር ወደቀ። ሁለተኛው ተከተለ። መሬት ያዝን። ሲበርድ ይርሳው የሚባለው ልጃችን ሞቶ አገኘነው። አንዲት በቅሎም ተመታች።

በስድስተኛው ቀን እንደገና ሆነ። ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት። ባዝራዋ ቆመች፣ አሽካካች፣ ሞርታሩ መጣ። ካሳን ቀበርነው።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ተነሳ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ሁላችንም እንደጀመርነው ነው የሚሰማኝ። ሰውየው ሁልጊዜ በሩ ላይ ለምን ይቆማል? ማለዳ ማለዳ ከሰፈር ተለይቶ ወዴት ይሄዳል? ባለቁልፍ ስልክ ነበራቸው። ሃምሳ አለቃ ታከለ ተቀበላቸው። ውስጡ የሚስታቸውና የአንድ ቄስ ቁጥር ብቻ ነበር፤ በዚያ አካባቢም ኔትዎርክ የሚባል አልነበረም። ይህ ግን አላረጋጋንም። ሌላ ስልክ ደብቀዋል አልን። አጥበው ቋጥኝ ላይ ያሰጡትን ጋቢ ምልክት ነው ብለን አወረድነው። ለወትሮው የቆሏትን ገብስ ለሁላችንም ያዞሩ ነበር። መብላት ተውን። እሳቸውም ያዩናል። ቆሎውን በከረጢታቸው መልሰው ቋጠሩ።

ሳይጠረጥራቸው የቀረ አንድ ሰው ሰይድ ነበር። የሐሙሲት ባለሱቅ ልጅ ነው፤ ነገርን በቀልድ የሚያለሳልስ። ቆሎውን እሱ ብቻ መብላቱን ቀጠለ። በሩን ሁልጊዜ ከፊት ሆነው የሚያልፉት እሳቸው አይደሉም ወይ፣ ሰላይ ቢሆኑ ለምን ይቀድማሉ ብሎ ሃምሳ አለቃውን ጠየቀ።

«የሚተኮሰው መቼ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነዋ» አለው ታከለ።

መልሱ ለእኔ አሳማኝ ሆኖ ተሰማኝ። መጠርጠር እንዲህ ነው፤ ቢቀድሙ ምክንያት አለው፣ ኋላ ቢቀሩም ምክንያት አይታጣለትም።

በእነዚያው ቀናት አንድ ጠዋት ጋሼ ሙላት ባዝራዋን ያለ ኮርቻ አቅርበው ውጣ አሉኝ። ከሰፈሩ በታች ለጥ ያለ የታጨደ ማሳ ነበር። ጋማዋን ጨብጬ ወጣሁ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ ከዚያ ሳላስበው ጋለበች። ንፋሱ ዓይኔን አስነባኝ። ከበታቼ ያለው ትልቅ ጉልበት የእኔ የሆነ መሰለኝ። ጦርነቱን ለቅጽበት ረሳሁት። ማሳው ጫፍ ላይ ስንዞር ግን ጋሼ ሙላት ከሩቅ ቆመው ሲመለከቱኝ አየሁና ደስታዬ ቀዘቀዘ። «ለምን አስቀመጠኝ? ሊያባብለኝ ነው» አልኩ በልቤ። ዛሬ የራሴ ፈረስ አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ጋፋት ስጋልብ፣ የባጃጅ ጡሩምባ እንዳያስደነግጠው ስጠነቀቅ፣ ማታ ለጅብ እንዳይጋለጥ የበረቱን በር ስፈትሽ፣ ደስታውም ሐሳቡም የራሴ ነው። የዚያን ቀኑን ግልቢያ ግን ገና ሳልወርድ በጥርጣሬ አበላሸሁት።

ሃምሳ አለቃ ታከለ ዓይኔ ከእሳቸው እንዳይለይ አዘዘኝ። በስምንተኛው ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባዝራዋን እየሳቡ ከሰፈር ሲወጡ ተከተልኳቸው። ከአንድ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ጀርባ ገቡ። ክላሼን አቀባብዬ በሆዴ ተሳብኩ። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር። በካቡ ክፍተት አየሁ።

ጋሼ ሙላት ተንበርክከዋል። ግንባራቸውን የባዝራዋ ጎን ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ያልቧታል። ወተቱ ድንጋዩ ላይ እየፈሰሰ ወደ መሬት ይሰርግ ነበር። በለሆሳስ ያናግሯታል። ባዝራዋ ዓይኗን ከድናለች።

ስነሳ ድንጋይ ተንከባለለ። ዞሩ። መሣሪያዬን አዩና እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ለጓደኞችህ አትንገርብኝ» አሉኝ። «የፈረስ ወተት ያልባል ተብሎ ስሜ ይነሳል።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያኔ ነገሩን ነገሩኝ። ውርንጭላዋ የአርባ ቀን ናት፤ እቤት ሚስታቸው የላም ወተት በጣቷ እያጠባች ታቆያታለች። ካልታለበች ግቷ ያብጣል፣ ትታመማለች። ለምን መካን ናት እንዳሉ ጠየቅኳቸው። በሰፈራቸው የታጠቀ ሁሉ ፈረስ እየነዳ ነበር። የጎረቤታቸው ፈረስ በጠራራ ፀሐይ ተወስዶ ቀርቷል። የምታጠባ ናት ቢሉ እሷን ወደ ቤት መልሰው እሳቸውን ያስቀሯቸዋል። ያኔ ማን ይጠብቃታል? ዓይናቸው ሥር ብትሆን ይሻላል ብለው ነው የዋሹት። በሩ ላይ ሲደረስ ነፋሱ ከመንደራቸው በኩል ይመጣል። የምታሽካካው ውርንጭላዋን እየጠራች ነው፤ እሳቸውም የሚያጎነብሱት የሚንጠባጠብ ወተቷን ለመጥረግ ነው።

«እንግዲያው የምታስመታን እሷ ናት» አልኳቸው።

ጋሼ ሙላት ወደ ባዝራዋ ዞረው አንገቷን ዳሰሱ።

«ይመስልሃል?» አሉኝ። ተነስተው ባዝራዋን ወደ ሰፈር እየሳቡ ሄዱ።

ሁለት ሰዓት ላይ ለሃምሳ አለቃ ታከለ ሪፖርት አደረግኩ። ሳልነግረው ብቀር ጓዶቼ ይሞታሉ ብዬ አሰብኩ። ንጹሕ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት እንደተናገርኩ ለራሴ ነገርኩት። ታከለ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ባዝራዋ ሰፈር ታስራ እንድትቀር፣ ጭነቷ ለሰው እንዲከፋፈል አዘዘ። ጋሼ ሙላትም እንዲቀሩ ጠየቅኩት።

«ይሂዱ» አለ። «የእነሱ ሰው ከሆኑ እሳቸው ባሉበት አይመቱንም።»

ታከለ ክፉ ሰው አልነበረም። ከቡድኑ ሁለት ልጆች ቀብሮ ነበር፤ ሦስተኛ መቅበር አልፈለገም። እኔም አልተቃወምኩም።

ጋሼ ሙላት ትእዛዙን ሲሰሙ ምክንያቱ የገባቸው ይመስለኛል። አንድ ሣጥን ጥይት በገመድ ጀርባቸው ላይ አሰሩ። የባዝራዋን ገመድ ችካል ላይ ሲያስሩ ጠሩኝ።

«ቀኝ ግቷ ነው ቶሎ የሚያብጠው» አሉኝ። «ምናልባት ከዘገየሁ አንተ እለብላት። መጀመሪያ እጅህን አሙቅ።»

ዘጠኝ ተኩል ላይ ተነሳን። ባዝራዋ ከኋላችን አሽካካች፤ ድምፅዋ እየራቀ ሄደ። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ደረስን። ጋሼ ሙላት ጭነቱ ከብዷቸው ኋላ ቀርተው ነበር። ሰይድ ጠበቃቸውና ሣጥኑን በአንድ ጎን ያዘላቸው። በሩ ላይ የቆመ ፈረስ አልነበረም። ያሽካካም የለም። ነፋሱ ብቻ ነበር።

ሞርታሩ መጣ። አራት ጊዜ። መሬት ያዝን።

ስንነሳ ሰይድና ጋሼ ሙላት ከሣጥኑ ግራና ቀኝ ወድቀው ነበር። አንድ ጭነት የያዘ ፈረስም ገደል ገብቷል። ጭነቱን አድርሰን ስንመለስ ሁለቱን ተሸክመን አመጣናቸው። ሰይድን በእምነቱ ሥርዓት፣ ጋሼ ሙላትን በእምነታቸው ሥርዓት ቀበርናቸው። ከቀብር ስመለስ ባዝራዋ ችካሏን እየዞረች መሬቱን ቆፍራዋለች። ቀኝ ግቷ አብጦ ነበር። እጄን በትንፋሼ አሙቄ ተንበረከክሁ። አለብኳት። የቡድኑ ሰዎች ቆመው አዩኝ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ አለብኳት። ባለቤቷ ሲሞቱ ኃላፊነቷ የእኔ ሆነ።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የወዲያኛው ወገን ከበሩ በስተ ምሥራቅ ይዞት የነበረውን ኮረብታ ለቆ ወደ ቀጣዩ ሸንተረር አፈገፈገ። እኛ ከሰዓት በኋላ ወጣንበት። ምሽጋቸው ውስጥ ለመቀመጫ የተስተካከለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ታከለ ተቀመጠበት። እኔ አጠገቡ ቆምኩ። የእኛን ሥራ የተረከበው ሌላ ቡድን አሥር ሰዓት ላይ በበሩ ሲያልፍ ከዚያ አየነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ ከኋላቸው ነበረች። ሰዎቹ ብሩህ ሰማይ ላይ በከሰል እንደተሣሉ ሆነው አንድ በአንድ ወጡ። ያለ መነጽር ሰውና ከብት ይለያል። የፈረሶቹ እግር ይቆጠራል።

ታከለ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሰዓቱ ነው» አለ።

በማግስቱ የበሩ ማለፊያ ወደ ንጋት ተዛወረ። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ሰው አልሞተብንም።

እረፍት ሳገኝ ባዝራዋን ወደ መንደሯ ይዣት ሄድኩ። የጋሼ ሙላት ሚስት ወይዘሮ ውድነሽ የባሏን መርዶ ቀደም ብላ ሰምታለች፤ ጥቁር ለብሳ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ውርንጭላዋ ከበረቱ ስትወጣ ባዝራዋ ለረጅም ጊዜ አሸተተቻት። ከዚያ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች። ወተቱ አልደረቀም ነበር።

ወይዘሮ ውድነሽ ባሏ በጓዶቹ ዘንድ እንዴት እንደነበረ ጠየቀችኝ።

«የተከበሩ ነበሩ፣ እትዬ» አልኳት።

ስልካቸውን እንደቀማን፣ ቆሎአቸውን እንዳልበላን፣ ለጋሻነት ይዘናቸው እንደወጣን አልነገርኳትም። እስካሁንም አታውቅም።

በዚያ በር አራት ሰው ሞተብን፤ ይርሳው፣ ካሳ፣ ሰይድ፣ ጋሼ ሙላት። ሁለት ከብትም። ጋሼ ሙላት ወታደር ስላልነበሩ የሟቾች መዝገብ ላይ ሦስት ስም ብቻ ነው የሰፈረው። ሰውየውን ጠረጠርን፣ ስልኩን ጠረጠርን፣ ጋቢውን ጠረጠርን፣ በመጨረሻ ባዝራዋን ጠረጠርን። ሰዓቱ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነበርና እሱን ለመጠርጠር ያሰበ አልነበረም። እኔም ያን ጠዋት ዝም ብል ኖሮ ጋሼ ሙላት ባዝራቸውን እየሳቡ በፍጥነት ያልፉ ነበር ወይስ እሷም አብራቸው ትሞት ነበር፣ አላውቅም። ለወይዘሮ ውድነሽ ያልነገርኩትን ለእናንተ ነገርኳችሁ። ሲቆጠር አራት በሉ።