በእንግሊዝኛ የተጻፈብኝ ጠባይ

ነገሩ የተጀመረው በጥር ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። መንዝ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሊሞላኝ፣ የሙከራ ጊዜዬም ሊያልቅ ነበር። ቋሚ መምህርት መሆን አለመሆኔን የሚወስነውን የምዘና ቅጽ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሞልተው እንድፈርም ጠሩኝ።

ነጥቤ ደህና ነው። «ከባልደረቦች ጋር ያላት ግንኙነት» በሚለው ፊት ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ተጽፋለች፤ «አሉፍ»።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አልኳቸው።

«ታስተምሪው የለ እንዴ?» አሉ እየሳቁ። «አይዞሽ፣ ስድብ አይደለም። እንግሊዝኛው ለስለስ ያለ ነው።»

«በአማርኛ ቢሆን ምን ብለው ይጽፉ ነበር?»

እስክሪብቷቸውን አገላበጡ። «በአማርኛማ ይከብዳል። ሰው ናቂ ናት ብዬ እንዴት ልጻፍብሽ? ነውር አይደል!»

ጆሮዬ ጋለ። በአፍ መፍቻቸው ሊሉኝ ያፈሩትን በውሰት ቋንቋ ለመጻፍ አላመነቱም።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ዓይን አፋር ማለት አይደለም። ዓይን አፋር ሰው መቅረብ እየፈለገ እግሩ ይያዝበታል። «አሉፍ» የሚባለው ግን መቅረብ እየቻለ የማይፈልግ፣ ከሰው መራቁም የማይቆጨው ነው። ከውጭ ለሚያያቸው ይመሳሰላሉ፤ ለዚህ ነው መጠየቅ የሚያስፈልገው። ማንም አልጠየቀኝም።

«ምን አድርጌ ነው?»

«ሻይ ሰዓት ላይ ትጠፊያለሻ! የገና ጾም ሙሉውን አንድ ቀን አላየንሽም። ረቡዕ ሲሆን የለሽም፣ ዓርብ ሲሆን የለሽም።»

መልሱን ራሳቸው ተናገሩት፤ ግን አልሰሙትም።

ያደግኩት ግሼ ራቤል ነው፣ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ ጎረቤት እንኳ አያውቅባቸውም፤ ጾምን ማውራት በቤታችን ያሳፍራል። እኔም እንደሳቸው ስጾም መምህራን ክፍል ብቀመጥ የሚሆነውን አውቃለሁ። አንዷ ብርጭቆ ታቀርብና «በሞቴ!» ትላለች። «በሞቴ» ያለን ሰው እንዴት እምቢ እንደሚሉት አላውቅበትም። ስለዚህ ሻዩ ሳይመጣ ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ። በሌሎቹ ቀናት ጥጌን ይዤ አብሬያቸው እጠጣ ነበር፤ እሱን ማንም አላስታወሰልኝም።

ይህን ሁሉ ለኃላፊው ልነግራቸው አፌ አልታዘዘኝም። «አስቤበት ልምጣ» ብዬ ቅጹን ይዤ ወጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ ግን በልቤ ስከራከራቸው ዋልኩ። ተማሪዎቼን አዲስ ቃል ሳስተምር በዓረፍተ ነገር አስገብተው ካላሳዩኝ አላልፋቸውም። ታዲያ እኔ ላይ ለተለጠፈው ቃል ምሳሌው የታለ?

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ የተመዛኝ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ በአማርኛ ጻፍኩ፤ «ቃሉ ሆን ብሎ ሰውን የሚያርቅን ሰው ይገልጻል። ማን ቀርቦኝ፣ በየትኛው ቀን እንዳራቅኩት ተጽፎ ይሰጠኝ።» አልፈረምኩም። አራት ሰዓት ሲሆን መምህራን ክፍል ገብቼ ከኃላፊው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የሒሳብ መምህርቷ ብርጭቆ አቀረበችልኝ።

«ዛሬ ደግሞ ከየት ተገኘሽ! በሞቴ ጠጪ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ሻዩን ወደ ኃላፊው ገፋ አድርጌ፣ ያልፈረምኩትን ቅጽ ከጎኑ አስቀመጥኩላቸው።