የባባ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ዕለት

ይህን ሳወራ እስካሁን ኩራት ኩራት ይለኛል። ሳውዲ፣ ዳህራን ከተማ በቤት ሠራተኛነት የምሠራላት ማዳም የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ባልደረቦቿ ለዩኒቨርሲቲው ቦርድ አባልነት ሲጠቁሟት ፕሬዚዳንቱ ስሟን ሰረዘው፤ እሷም ከሰሰች። በችሎቱ ዋዜማ ክርክሯን ለመለማመድ የባሏን የባባን ወንበር ሳበችና «ዳኛዋ አንቺ ነሽ፤ ተቀመጪ» አለችኝ።

እኔ እንግዳ ሲመጣ በር ከፍቼ የምሸሽ ዓይን አፋር ነኝ። እያፈርኩ ተቀመጥኩ። እሷ ፊቴ ቆማ «መምህራን የጠቆሙትን ዕጩ አንድ ሰው ብቻውን ይሰርዘዋል?» ስትል ባባ ገባ። ደንግጬ ልነሳ ስል «ዳኛ አይነሳም!» ብላ ጮኸች።

ባባ እኔንም ወንበሩንም አየ። «ሻይ የለም?»

«ችሎት ላይ ነን፤ ራስህ አፍላ» አለችው ማዳም።

ኸላስ፣ አበቃልኝ፣ ዛሬ ተባረርኩ አልኩ በልቤ። ባባ ማድቤት ገብቶ ቆየና ሻይ ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ እኔ ፊት አስቀመጠ።

«ክብርት ዳኛ፣ ለባለቤቴ ይፍረዱላት።»

«ተፈርዶላታል» አልኩት።