ጫጩቱ እስኪበር

ከውጫሌ በላይ፣ የአምባሰል ተራራ ድንገት ተቆርጦ ገደል በሚሆንበት በኩል፣ ወይራ አፋፍ የምትባል መንደር አለች። ገደሏ ሁለት ነው፤ አንዱ ቀይ ገደል ይባላል፣ ሌላው ጥቁር ገደል። ንብ የሚወደው ጥቁሩን ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ቀፎውን በጥቁሩ ገደል ወገብ ላይ ባሉት ዋሻዎች ውስጥ ያስቀምጣል፤ ኅዳር ሲገባ በጠፍር ተንጠልጥሎ ይወርድና ማሩን ይቆርጣል። ይህን አይቶ የማያውቅ ሰው ሲሰማ ራሱን ይይዛል። ወይራ አፋፎች ግን ገደል መውረድን ገበያ እንደመውረድ ነው የሚያወሩት።

ለዚህ ሥራ ከማንም ያልተዋሱት ደንብ አላቸው። እስላም ሲወርድ ላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዘው ክርስቲያን ነው፤ ክርስቲያን ሲወርድ እስላም ይይዛል። ለምን ቢባሉ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። አንዱ፣ "ወንድም ከያዘ ርስት ያስባል" ይላል። ሌላው ደግሞ፣ "የገዛ ወገንህ ቢጥልህ 'ቀኑ ደርሶ ነው' ተብሎ ይቀበራል። የዚያኛው ወገን ቢጥልህ ግን አገር ይፈርሳል፤ አገር እንዳይፈርስ ሲል ጠበቅ አድርጎ ይይዝሃል" ይላል። እኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሽማግሌ ትዝታ ውስጥ ከያዥ እጅ ያመለጠ ገመድ የለም።

ፈዲላ የወራጁ የሱሩር ልጅ ናት። ሱሩር ወንድ ልጅ አልወለደም። እሷም እንደ እኩዮቿ ሪያድ ሄዳ የሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ አገሩ በሙሉ "ለውጥ መጣ" እያለ በሚጨፍርበት በ2010 ዓ.ም. ተመለሰች። ቤቷ የጠበቃት ለውጥ ግን ሌላ ነበር፤ የአባቷ ጉልበት አልታዘዝ ብሎ ሱሩር ምርኩዝ ይዟል። "ቀፎውን እንሽጠው" አላት።

"እኔ እወርዳለሁ" አለች።

መንደሩ ሳቀ። ሴት ልጅ በገደል! ፈዲላ አልሳቀችም። "ሪያድ ስምንተኛ ፎቅ ላይ መስኮት በውጭ በኩል ስወለውል ማን ገመድ ያዘልኝ?" ብላ ጠየቀች። የሱሩርን ገመድ ዕድሜ ልኩን የያዘው አያ ታረቀኝ ጢሙን እያሻሸ፣ "ገመዱ የሚያውቀው ክብደት እንጂ ጾታ አይደለም። ነይ ታጠቂ" አላት። በተከታዩ ኅዳር ፈዲላ ወረደች፣ ማሩን ቆርጣ ወጣች፣ የሳቁትም ማሯን በሉ። በዓመቱ ደግሞ ጁማ የሚባለው ያዥ ዓሣ ላስግር ብሎ ሐይቅ ከተማ ሲገባ፣ ወራጁ ሙላት ያለ ያዥ ቀረ። ሙላት ክርስቲያን ነውና እስላም ይፈልጋል፤ ሌሎቹ ያዦች ሁሉ የየራሳቸው ወራጅ አላቸው። የሌላውን ሰው ያዥ መጠየቅ የሌላውን ሰው ሚስት ከመጠየቅ ብዙም አይሻልም። ሙላት እያፈረ ወደ ፈዲላ መጣ። እሷም የእሱን ገመድ ያዘች። ኩራተኛ ሰው ነው ሙላት፤ ሴት ያዘችልኝ እንዳይባል "ትከሻዋ የአባቷ ነው" እያለ ያወራ ነበር።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደረሰ። ሐይቅም ውጫሌም ተያዙ። ወይራ አፋፍ ሕፃኑንና አዛውንቱን ይዛ ወደ ቆላው ሸሸች፤ ፈዲላ አባቷን በበቅሎ ጭና ወረደች። በዚያ ኅዳር ማር የቆረጠ የለም። ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ በሩ የተገነጠለ፣ ጣራው የተነሣ፣ ከብቱ የታረደ ሆኖ ጠበቃቸው። ክርስቲያኑ የእስላሙን ግድግዳ መረገ፣ እስላሙ የክርስቲያኑን ጣራ ከደነ፤ ያ ዓመት በጭቃና በሣር አለቀ።

በ2015 ሰላሙ ተፈረመ፤ ኅዳርም መጣ። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን የጣለው በገደሉ ላይ ነው፤ ያልተዘረፈ ነገር የቀረው እዚያ ብቻ ነበርና። ፈዲላ ታጠቀች፣ አያ ታረቀኝ ገመዱን በወይራው ግንድ አዙሮ ወገቡ ላይ ጠመጠመ፣ እሷም ወረደች።

ከአባቷ ቀፎዎች ጎን፣ ቋጥኙ መደርደሪያ በሠራበት ቦታ፣ የበሬ ቀንበር የሚያክል እንጨት ሳይቀር የተቆለለበት፣ ካቻምና ያልነበረ ትልቅ ጎጆ አየች። እናቲቱ ጥቁር ንስር ክንፏን ዘርግታ ተነሣችና ከገደሉ ራቅ ብላ መዞር ጀመረች። ጎጆው ውስጥ ገና ዓይኑን የገለጠ ነጭ ጫጩት ብቻውን ቀረ። ፀሐዩ በቀጥታ አናቱ ላይ ነው። ከላይ ካለው ቋጥኝ ሁለት ቁራዎች ወረድ፣ ደግሞ ወረድ አሉ። ፈዲላ ሁሉም ነገር ወዲያው ገባት፤ እሷ እዚህ ማር ስትቆርጥ እናትየው አትመለስም፣ እናትየው ካልተመለሰች ፀሐዩ ወይም ቁራው ይጨርሰዋል። ማሩ በእጇ ርቀት ላይ ነበር። ሽታው ይጣራል። የፈረሰ ቤት፣ ምርኩዝ የያዘ አባት፣ ባዶ ጎተራ በዓይኗ ዞረባት። ልቧ ቆሰለ፤ ግን ገመዱን ሳበች፤ ሳቡኝ ማለቷ ነው።

ባዶ አቅማዳ ይዛ ስትወጣ አፋፉ ላይ የተሰበሰበው ሰው ከበባት። ያየችውን ነገረቻቸው። "ጎጆው አጠገብ ያሉትን የእኔንና የሙላትን ቀፎዎች እስከ የካቲት እንተዋቸው። ጫጩቱ እስኪበር ነው። የቀራችሁት ቀፏችሁ ራቅ ያለ ነው፣ ቁረጡ" አለች።

"ንስር ፈርታ ነው" አለ አንዱ። ስድቡ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ተከተላት። ሙላት ግን የተናደደው ከሁሉም በላይ ነው። "የእኔን ቀፎ በየትኛው ሥልጣንሽ ነው የምትዘጊው? እኔ እወርዳለሁ፣ ገመዱን ያዢ!"

"አልይዝም፣ ሙላት። ወላሂ አልይዝም።"

እሷ ካልያዘች ሙላት አይወርድም። ሌላ ልጠይቅ ቢል ደንቡ አይፈቅድለትም። ሙላት ቆቡን መሬት ላይ ፈጠፈጠና፣ "ለአሞራ ብላ የሰው ጉሮሮ ዘጋች!" እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። ፈዲላ የዚያን ዕለት ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ሱሩርም ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ ማየት የማይችል ሰው ነውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። ገደል ወጪዎች ናቸው፤ ገመዳቸው እንደ ሐር የሚያበራ፣ ወገባቸው በብረት ቀለበት የታጠረ። መሪያቸው ማርያማዊት የምትባል ቀጭን ቆፍጣና ሴት ናት። ወይራ አፋፎች "ከላይ ምን አላችሁ? ማር ነው?" ብለው ጠየቁ። "ምንም፤ ለመውጣት ብቻ ነው" ሲባሉ እርስ በርስ ተያዩ። ለምንም ብሎ ገደል የሚወጣ ሰው አይተው አያውቁም። ቢሆንም ደስ አላቸው፤ እንግዳ ያርፋል፣ ይበላል፣ በቅሎ ይከራያል፣ ሄዶም ለሌላው ያወራል። ከጦርነቱ ወዲህ ወደዚያ መንደር በደግ የመጣ የመጀመሪያው መኪና የእነሱ ነበር።

አያ ታረቀኝ ሰላምታውን እንደ ጨረሰ፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ፣ ማርያማዊትን፣ "እስላም ነሽ ክርስቲያን?" አላት።

የማርያማዊት ፊት አመድ መሰለ። ጓደኞቿም ወደ መኪናው አፈገፈጉ። በዚያ ዓመት በብዙ አገር ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቃል። "ለምን... ለምን ፈለጉት?" አለች።

"ኸረ ገመድሽን ማን እንዲይዝልሽ ነው እንግዲያ!" አለ አያ ታረቀኝ ተገርሞ። ደንቡን ሲያስረዳት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይቶ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። "ክርስቲያን ነኝ፣ አባቴ" አለች። "እንግዲያ ያዥሽ ፈዲላ ናት" አላት።

ፈዲላ ግን እንግዶቹ የፈለጉት ጥቁሩን ገደል መሆኑን ሰማች። ከታች ጀምሮ በቀጥታ በጎጆው ጎን ነው የሚያልፉት። መንደሩ በወይራው ሥር ተሰበሰበ፤ ጉዳዩ አሁን የሁለት ሰው ቀፎ አይደለም፣ የመንደሩ ሁሉ ተስፋ ነው። ፈዲላ ከተረታች ጫጩቱ ይሞታል፤ ካሸነፈችም እንግዶቹ ተቀይመው ከሄዱ መንደሩ ዕድሜዋን በሙሉ አይለቃትም።

ሙላት ተነሣ። "እንግዳ ደጅ ቆሞ በር ይዘጋል ወይ? ይኸ የወሎ ወግ ነው? የእኔ ማር ይቅር፣ እሺ። የአገሩን እንጀራ ግን ለአንዲት አሞራ አንሰጥም!" ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

ፈዲላ ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። "በራችንን እንክፈት" አለች። "ቀይ ገደል አለላቸው። ማንም አልወጣበትም፤ ይውጡት፤ እኔ ራሴ እይዛለሁ። ጥቁሩንም በመጋቢት ይምጡና ይውጡ። አሁን ግን አይሆንም።" በእጇ ወደ ጥቁሩ ገደል አመለከተች። "አምና ሁላችን በሸሸንበት ወቅት፣ ቤታችን ሁሉ ሲፈርስ፣ በዚህ አገር ጎጆ የቀለሰ ማን አለ? እሷ ናት። እሷ ብቻ! ቤት ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ልቤ ያውቀዋል። እኔ በማንም ላይ ቤት አላፈርስም።"

ሁሉም የራሱን ጣራ፣ የራሱን በር አስታወሰ። አያ ታረቀኝ ካለበት ሳይነሣ፣ "የዚችን ልጅ ገመድ ይዣለሁ፤ ቃሏንም እይዛለሁ" አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከያዥ አፍ ሲወጣ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ለማርያማዊት ሄዶ የሚነግር ሰው ግን ጠፋ። ፈዲላ ራሷ ሄደች። ከማዶ ካለው ጉብታ ላይ ወሰደቻትና ጎጆውን አሳየቻት። ማርያማዊት ከሻንጣዋ አቅራቢ መነጽር አውጥታ አየች፤ ለረጅም ጊዜ አየች። እናቲቱ ሽኮኮ በጥፍሯ ይዛ ስትገባ፣ ጫጩቱም አንገቱን ሲያወጣ አየች። መነጽሩን ለፈዲላ ሰጠቻት። ሁለቱ ሴቶች እየተቀባበሉ አዩ።

"ቀዩ ድንጋይ እንዴት ነው?" አለች ማርያማዊት በመጨረሻ።

"ከጥቁሩ ይከፋል። ጥላ የለውም፣ ሆዱም ወደ ውጭ የተነፋ ነው።"

"ጥሩ ነዋ!" አለች ማርያማዊት እየሳቀች። "የማይከፋ ነገር ለመውጣት ከአዲስ አበባ እንመጣለን?"

በማግስቱ ከቀይ ገደል አፋፍ ላይ ያልተሰበሰበ የመንደር ሰው አልነበረም። ፈዲላ እንግዶቹ ያመጡት ገመድ እንዴት እንደሚያዝ ተማረች፤ ማርያማዊትም ጠፍሩ በወይራ ግንድ እንዴት እንደሚዞር ተማረች። ማርያማዊት ከታች መውጣት ጀምራ የተነፋው የገደሉ ሆድ ላይ ስትደርስ እግሯ አመለጠ። ገመዱ ተወጠረ፣ ፈዲላም ተረከዟን ቋጥኝ ላይ ተክላ ያዘች፤ እጇ ሳይላላ፣ ከንፈሯ "ቢስሚላህ" እያለ። ማርያማዊት ተንጠልጥላ ትንሽ ተወዛወዘች፣ እንደገና ድንጋዩን ያዘች፣ ወጣች። አፋፉ ላይ እንደ ደረሰች እልልታው ቆላ ድረስ ተሰማ። ቀይ ገደል የሰው እግር ሲነካው ያ የመጀመሪያው ነው፤ የነካውም የሴት እግር፣ የያዘውም የሴት እጅ ነበር። ሱሩር ምርኩዙን ወደ ላይ አንሥቶ፣ "የእኔ ልጅ ናት!" ብሎ ጮኸ። የማያውቅ ሰው ያለ ይመስል።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ጫጩቱ ጥቁር ለብሶ በጎጆው ጫፍ ቆመ። መንደሩ ሥራውን ትቶ ማዶ ጉብታ ላይ መዋል ጀመረ። "ፈሪ" ያላት ሰው ሳይቀር መጥቶ፣ "ዛሬ ይበራል፣ አይበርም" እያለ ይከራከር ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ጫጩቱ ራሱን ለነፋስ ሰጠ። መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ወደቀ፤ ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ክንፉ ነፋሱን አገኘውና ከፍ አለ፣ በቀይ ገደል ላይ አለፈ፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዞረ። ፈዲላ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ሲነሣ ተሰማት፤ አላፈረችበትም።

መጋቢት ሲገባ ሙላት ጠፍሩን ተሸክሞ መጣ። ይቅርታ አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም። ገመዱን በወይራው አዙራ ወገቧ ላይ ስትጠመጥም፣ የእነማርያማዊትን ወሬ ሰምተው ከደሴ የመጡ ወጣት ገደል ወጪዎች አጠገባቸው ቆመው ነበር። አንዱ ጎጆው ወዳለበት ገደል እያመለከተ፣ "ይኸን በኅዳር መጥተን ልንወጣው ነው" አለ።

ሙላት አንድ እግሩን ገደል አስገብቶ ነበር፤ መልሶ አወጣው። "በኅዳር? በኅዳር ማንም አይወጣበትም፣ ማንም አይወርድበትም" አለ ተቆጥቶ። "ንስሯ ልጇን እስክታበርር ጥቁር ገደል ዝግ ነው። ቀዩን ውጡ።"

"ማን ነው ያለው?"

"እንዴት ማን ነው ያለው! ከቅድመ አያቶቻችን የመጣ ሕግ ነው። በወይራ አፋፍ ይህን የማያውቅ የለም" አለና ለምስክርነት ወደ ያዡ ዞረ። "አይደለም እንዴ፣ ፈዲላ?"

ፈዲላ ገመዱን ጠበቅ አደረገች።

"አዎ" አለች። "የጥንት ነው። ውረድ፣ ይዤሃለሁ።"