ከበሩ የሰፋው ባርኔጣ

መንደሩ «እሜ»፣ እናታችን፣ የሚላቸው ማሊኮፖ ሣሩን ውኃ ውስጥ እየነከሩ፣ በወስፌ እየወጉ የመጨረሻውን ዙር ሰፍተው ቋጩ። የመስከረም ነፋስ ሣሩን አድርቆ እንዳይሰባብርባቸው ሥራውን ሁሉ የጨረሱት ቤት ውስጥ ነው። ባርኔጣው ክብ ቤታቸውን ከመሙላቱ የተነሣ ጠርዙ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ላይ ታጥፏል።

ለነጻነት በዓል ሰልፍ ያዘዙት የመንደሩ ሹም ራቤሌ ናቸው። «ባንዲራችን ላይ ያለው ባርኔጣ ትንሽ ነው፤ የመንደራችን ግን ከሩቅ ይታይ» ብለው ነበር። እሜ ማሊኮፖ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ራስ ሲሰፉ ኖረዋል፤ ሰልፍ የሚመራ ሥራ ሠርተው ግን አያውቁም። እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነው።

ቤት ከዳኙ ጎረቤታቸው ፒሪ፣ መንደሩ «ንታቴ»፣ አባታችን፣ የሚላቸው፣ ሊያግዟቸው መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ባርኔጣውን አዩ። በሩን አዩ።

«እሜ፣ ይሄ በየት ሊወጣ ነው?»

«በገባበት ነዋ!»

«የገባው እኮ ሣር ሆኖ ነው!»

በጎን ሞከሩት፣ አዘነበሉት፣ ገፉት፤ እምቢ አለ። ሹሙ አዲሱን ብርድ ልብሳቸውን ደርበው፣ ሰልፈኛውን አስከትለው ደረሱ።

«ጠርዙ ይቆረጥ» አሉ።

«ጌታዬ፣ ጆሮ ቆራጣ አህያ ይዘው ነው ሰልፍ የሚወጡት?» አሉ እሜ ማሊኮፖ።

«እንግዲያው ጣሪያውን እናንሳው» አሉ ንታቴ ፒሪ። «የከደንኩት እኔ፣ የምመልሰውም እኔ።»

እሜ ማሊኮፖ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። ሌላ ቤት የላቸውም። «ሳይዘንብ ትመልሰዋለህ?»

«በነጻነታችን እምላለሁ!»

ክዳኑ ፈርሶ ወረደ። ወንዶቹ ባርኔጣውን በገመድ ስበው ከግድግዳው በላይ እንዳወጡት፣ ስንት ጊዜ ተለምኖ የቀረው ዝናብ ዱብ አለ። ንታቴ ፒሪ መሐላቸውንም ገመዱንም ለቀው ወደ ቤቱ ውስጥ ሮጡ። ተጨቁኖ የከረመው ጠርዝ ተዘረጋና ግድግዳው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም ተከታትሎ ገባ። አንዲት ጠብታ አላለፈም።

«ሕዝቡ ሜዳ ላይ እየጠበቀ ነው እኮ!» አሉ ሹሙ፣ ከአንዲት ዶሮ ጋር ተጣብቀው።

«እሱም ይምጣ» አሉ እሜ ማሊኮፖ፤ «ዝናቡ ሜዳ ላይም አይምረው። የኔን ጣሪያ ግን ዛሬ ማንም አይነካትም።»

ሹሙ ንግግራቸውን እዚያው አደረጉ። ሕዝቡም መጥቶ በበር እያጮለቀ ዘመረ።

በማግስቱ ንታቴ ፒሪ አዲስ ሣር ተሸክመው መጡ። እሜ ማሊኮፖ ሣሩን ተቀብለው ለፍየሎቹ ሰጡት። ሹሙ ዛሬም በዓሉ በቀረበ ቁጥር «ባርኔጣዬስ?» ብለው ይልካሉ።

«ዝናቡ ያባራና አደርሰዋለሁ በሏቸው» ይላሉ እሜ ማሊኮፖ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው።